የተረከዝ ሰላምታ

ድሮ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይባባል ነበር አሉ። አሁን የሚባለው «ላፕቶፕ ነህ ዴስክቶፕ?» ነው። የራስህ ጣሪያ እንዳለህ፣ ፀሐይ እንደምታይ፣ ልጅህ ስትዳር ሰርጓ ላይ ትገኝ እንደሆነ፣ ሁሉም ከዚያች ከአንዲቷ ቃል ይታወቃል።

ይመር እንድሪስ ይህን ጥያቄ የሚመልስበት ቀን ደርሶ ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር ጨዋታ ቢሮው ደጃፍ ተሰልፏል። ቢሮው ያረፈው ቀድሞ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይመር እዚሁ አዳራሽ ውስጥ የሸሚዝ እጅጌ ሲገጥም ኖሯል። ከዚያ ማሽኖቹ ራሳቸው መስፋት፣ ራሳቸው ማጠፍ፣ ራሳቸው መጫን ጀመሩና ሠራተኛው ከነምሳ ዕቃው ወደ ቤቱ ተሸኘ። ጥቂት ክፉ ዓመታት አለፉ። በኋላ ሌላ ሥራ መጣ። ለካስ ማሽን የማይችለው አንድ ሥራ ቀርቶ ኖሯል፤ እሱም መሸነፍ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉት ደንበኞች ማሽንን ማሸነፍ ሰልችቷቸዋል። ማሽን ሲሸነፍ አይከፋውም፤ ሆዱ አይባባም፤ እንጀራው አይመረውም። እነሱ የሚፈልጉት ሲሸነፍ የሚያመው ሰው ነው። ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል።

ጨዋታው ቀላል ነው። ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ መንደር ይሠራል፤ ቤት ያቆማል፣ አጥር ያጥራል፣ ከብት ያስገባል። ደንበኛው ይመጣና ያቃጥላል፤ ተጫዋቹ በተከፋ መጠንም ኮከብ ይሰጣል። ተጫዋቹ መንደሩን ለማዳን ያለውን ሁሉ ማድረግ አለበት፤ አውቆ መሸነፍ ከሥራ ያስባርራል። አውቆ የተሸነፈውን የምታሳብቀው የጆሮን ጫፍ ነክሳ የምትይዝ ትንሽ መቆንጠጫ ናት፤ የልብ ምት አንብባ ለቢሮውም ለደንበኛውም ታደርሳለች። ቢሮው ያወጣላት ስም አላት፤ ሰዉ ግን መዥገር ይላታል።

ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወይዘሪት ናርዶስ ነበረች። የተጫዋቾች አስተባባሪ ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ፊቷ ሁልጊዜ ያዘነ።

«እንግዲህ አቶ ይመር፣ ሁለቱንም ላስረዳዎት» አለች። «ዴስክቶፑ ፈጣን ነው። አይግልም፤ ስክሪኑም ሰፊ ነው። ከግድግዳ ጋር ተገንብቶ ስለሚመጣ ግድግዳውንም እንሰጣለን፤ ከነቤቱ ማለቴ ነው። ብቻ ተጫዋቹ ከወንበሩ አይርቅም። እንቅልፉም እዚያው ነው፤ ወንበሩ ይዘረጋል።»

«ላፕቶፑስ?» አለ ይመር።

«ላፕቶፑ እውነቱን ለመናገር ደካማ ነው። ይግላል፤ ጭን ያቃጥላል። ባትሪውም ያስቸግራል። ቤት የለውም። ግን የትም ይዘውት ይሄዳሉ። ነቅተው እስካሉ ድረስ ክፍት ይሁን እንጂ፣ የት እንደተቀመጡ አንጠይቅም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፕ አንድ ጊዜ መቀየር ይቻላል። ከዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፕ ግን የለም። ግድግዳ አፍርሰን አንወስድም።»

ዘሃራ ቤቱን ፈልጋለች። አልደበቀችም። ከሰው ጓሮ በተጠጋች አንዲት ክፍል ውስጥ መኖር፣ ውሃ በቀዳች ቁጥር የአከራይዋን ፊት ማየት አንገሽግሿታል።

«ይመር፣ የራሳችን በር ይኖረናል» አለችው እጅጌውን ያዝ አድርጋ።

«እናቴ ውጫሌ ናት» አላት። «ነገ አንድ ነገር ብትሆን ከግድግዳ ጋር ተጣብቄ ልቅር? ዘሃርዬ፣ ሰው ሲሞት የማልደርስ ሰው ልሁን?»

ዘሃራ እጅጌውን ለቀቀችው። በዚህ መከራከር አይቻልም። ለቅሶ የማይደርስ ሰው እሷ ባደገችበት አገር ሰው አይባልም።

ይመር ለአብሮ አደጉ ለአስናቀ ደወለለት። አስናቀ ቀድሞ ዴስክቶፕ ወስዶ ከባቡር ጣቢያው በላይ በተሠራው ሰፈር ውስጥ ከሚስቱ ከትርንጎ ጋር ይኖራል። ስልኩን የምትይዝለት ትርንጎ ናት፤ የሱ እጆች ኪቦርዱ ላይ ናቸው።

«ዴስክቶፕ ውሰድ አቦ!» አለ አስናቀ። «ከጎኔ ያለው ቤት ባዶ ነው። ጎረቤት እንሆናለን።»

«ሁላችንም ከገባን አንተን ማን ይቀብርሃል?»

አስናቀ ሳቁ እስኪያስለው ሳቀ። «እሱስ እውነትህን ነው። በቃ አንተ ላፕቶፑን ያዝ። ለሰፈሩ አንድ ቀባሪ ያስፈልጋል።»

ይመር ላፕቶፑን ወሰደ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዳሰበው ሆነለት። ጥቁሩን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቶ የትም ይደርሳል። ድንኳን ውስጥ ይገባል፤ «አላህ ያጽናችሁ»፣ «እግዜር ያጽናችሁ» እንደየቤቱ ይላል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ይዘረጋል። ያፍር ነበር። ግን ሌላው ሰው ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር የሱ መምጣት ብቻውን እንደ ትልቅ ነገር ይታይ ጀመር። አስከሬን የሚሸከም ጠፍቶ ሽማግሌዎች በሚንገዳገዱበት ቀን ይመር ላፕቶፑን ለሰው አስይዞ፣ መዥገሯ ጆሮው ላይ እንደነከሰች፣ ቃሬዛውን ይሸከማል። በዚያ ሰዓት ሳይከላከልለት የሚቃጠለውን መንደር ቢሮው ከደመወዙ ይቀንስበታል። ይቀንሱ። «ደራሹ ይመር» የሚል ስም ወጣለት፤ ዘሃራም ስሙን ስትሰማ በአከራይዋ ፊት ቀና ማለት ጀመረች።

አንዳንድ ከሰዓት በኋላ አስናቀ ዘንድ ይሄዳል። የአስናቀ ክፍል መስኮት የለውም። ወንበሩ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። ትርንጎ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታጎርሰዋለች፤ እጁን ከኪቦርዱ ማንሳት ስለማይችል እህል ወደ አፉ የሚገባው በሷ እጅ ነው። ጉርሻ ድሮ በሰርግና በዓመት በዓል የሚያምር ነገር ነበር። እዚህ ሰፈር ቁርስ፣ ምሳና እራት ሆኗል፤ ማንም «በሞቴ» አይልም፤ ሚስቶች የሚያጎርሱት ወደ ግድግዳው እያዩ ነው።

ግድግዳው ርካሽ ኖራ የተቀባ ስለሆነ የነካው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አስናቀ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ወደ ኋላ ይስብና ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በተረከዙ ይመታዋል። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቆይቶ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለው ይመር መጀመሪያ ቀን።

«ያንተን ቤት ሰላም እያልኩት ነው» አለ አስናቀ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ማዶው ባዶ ነው። አንድ ቀን ትገባና ትመልስልኛለህ።»

ትርንጎ ሳቀች፤ ይመርም ሳቀ፤ የሁለቱም መንደር በዚያች ቅጽበት እየነደደ ነበር።

ከዚያ ከውጫሌ ስልክ መጣ። አጎቱ ነው።

«እናትህን ትንሽ አሟት ነው» አለ። «ያው ጉንፋን ቢጤ። ና እስቲ እያት።»

አገሩ ሞትን በስልክ አይናገርም። ሟቹ ታሟል ይባላል፤ ባለቤቱ መንገድ ይገባል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ይጠብቀውና መርዶውን ደግፎት ይነግረዋል፤ ብቻውን እንዳይወድቅ። ይመር ስንቱን ሰው በዚህ አኳኋን አጅቦ አርድቷል። ሌላው ሰው «ትንሽ አሞት ነው» ተብሎ ሲጠራ ገና ከአፍ ሳይወጣ ይገባዋል። በራሱ ሲመጣ ግን ሰው ጅል ነው። ለእናቱ ብርቱካን ገዛ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሲጫወት ሄደ። ደሴን አለፉ፤ ሐይቅን አለፉ፤ አንዱንም ቀና ብሎ አላየም፤ ምክንያቱም ያን ቀን ያልተለመደ ነገር ሆኖለት ነበር፤ እያሸነፈ ነው። መንደሩ ቆሟል። ደንበኛው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቴም ተመለሰ። ውጫሌ ሲወርድ ላፕቶፑን ክፍት እንደሆነ በግራ ክንዱ ታቅፎ፣ በቀኝ እጁ እየነካካ፣ የብርቱካኑን ፌስታል ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ለእናቱ አሸነፍኩ ሊላት ነው። እሷ ምን እንዳሸነፈ አይገባትም፤ ግን ደስ ይላታል።

ደጃፉ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየ። አጎቱ ወደሱ መራመድ ጀመረ፤ ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ ቀረቡት። አክስቱ መታገሥ አቃታት።

«ይመር ልጄ! እናትህን አጣናት! ትናንት አፈር አለበስናት!»

ወደ ፊት ተዘነበለ። ያዙት፤ ላፕቶፑን ግን የያዘው አልነበረም፤ ከክንዱ ሸርተት ብሎ ብርቱካኖቹ መሃል ወደቀ፤ ስክሪኑ ወደ ላይ። ይመር መሬት ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ፊቱ ከስክሪኑ አጠገብ ነበር። መንደሩ ነደደ። ከዚያ ኮከቦች መጡ። እስከዚያ ቀን አይቶ የማያውቀው ብዛት ያለው ኮከብ ከጥግ እስከ ጥግ ተደረደረ፤ ከሥሩም ደንበኛው የጻፈው በአማርኛ ተተርጉሞ ወጣ፦ «ምን ነበር እሱ? ድንቅ ነው። ደግሞ እፈልጋለሁ።»

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሳይሰድብ ማለፍ ይከብዳል። ይመር ግን ለመሳደብም አቅም አልነበረውም፤ እናቱን እያለቀሰ ነበር።

ናርዶስ በሦስተኛው ቀን ደወለች። መጀመሪያ እንደ ወጉ አጽናናችው፤ ለእናቱም ማረፊያቸውን ጀነት ያድርገው አለች። ከዚያ ጠየቀችው።

«አቶ ይመር፣ ያን ዕለት በዚያች ሰዓት ምን ሆነው ነው? ልብዎ ማለቴ ነው።»

ነገራት። የዋህነት ነው፤ ግን ሐዘንተኛን ሰው ሲጠይቀው ይናገራል። እንዴት እንደጠሩት፣ እንዴት እንደጠበቁት፣ አክስቱ እንዴት እንደጮኸች።

«መርዶ» አለች ናርዶስ ቀስ ብላ፤ ቃሉን ከአያቷ ቤት ወዲህ ሰምታው የማታውቅ ይመስል። ከዚያም፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግዴታ ሆኖብኝ ነው የምጠይቅዎት፤ ሌላ የታመመ ዘመድ አለዎት?»

ስልኩን ዘጋባት። ቢሮው ግን ስልክ በመዝጋት የሚቆም አይደለም። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ላፕቶፑ ራሱ የለቅሶ ቤት ይጠቁመው ጀመር፤ «ሐርቡ፣ እናት፣ ዛሬ»፣ «ቃሉ፣ ልጅ፣ ትናንት»። የሰው ሞት ከየት እንደሚሰሙ አላወቀም። ሂድ ብሎ የሚያዘው የለም፤ ጥቆማ ብቻ ነው፤ ግን ከሄደ ጥሩ ከፋይ ደንበኛ ይመደብለታል፤ ካልሄደ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማንም አይመጣበትም፤ ያልተቃጠለ መንደር ደግሞ አይከፈልበትም። ይመር ለራሱ ድሮም እሄድ ነበር አለ። እውነቱን ነው፤ ድሮም ይሄድ ነበር። ሄደ።

ሰዉ ቶሎ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ለሁሉም በአንዴ ገባው። ጥቁሩ ቦርሳ ከመንገዱ ጠምዘዝ ሲል ሲታይ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ መጥራት ጀመሩ። በሽተኛ ያለበት ቤት በሩን ገርበብ ያደርግበታል። ደራሹ ይመር መባሉም ቀረ፤ የተተካውን ስም ፊት ለፊቱ የሚጠራው አልነበረም።

የመጨረሻ ለቅሶው እትዬ አልማዝነሽ ቤት ነበር፤ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ከጎኑ አንገትጌ ትገጥም የነበረች ሴት። ባሏን ቀብራ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ይመርን ስታየው የድሮው ጊዜ ሁሉ መጣባትና ብድግ ብላ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ላፕቶፑ በርጩማው ላይ ክፍት ነበር። ኮከቦቹ ሲንቆጠቆጡ ብርሃናቸው ጉንጯ ላይ አረፈ። ቀና ብላ አየቻቸው። ክንዷን ከአንገቱ አነሳች።

«ይመር» አለችው፤ ቁጣ የለባትም፤ መጠየቅ ብቻ ነበር። «ለእኔ ብለህ ነው የመጣኸው፣ ለኮከቡ?»

ለእርስዎ ነው ሊል አፉን ከፈተ። ግን እርግጠኛ አልነበረም።  ከሁሉ የከበደው መጠየቋ አልነበረም፤ መልሱን አለማወቁ ነበር።

በማግስቱ ጨዋታ ቢሮው ሄዶ ላፕቶፑን ናርዶስ ፊት አስቀመጠው።

«ዴስክቶፕ» አላት።

«አቶ ይመር፣ ካሉን ላፕቶፖች የእርስዎን የሚያህል የለም እኮ» አለች ከልቧ አዝና። «እዚያ ገብተው መውጣት የለም።»

«አውቃለሁ። ከአስናቀ ጎን ያለውን ቤት ስጡኝ።»

ዘሃራ በሩን በራሷ ቁልፍ የከፈተች ቀን እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ግድግዳው ልብስ እንዳያበላሽባት ዙሪያውን ወዲያው ላስቲክ አለበሰችው። ሠራተኞቹ ወንበሩን በብሎን አሰሩ፤ መዥገሯን አዲስ ቀየሩ፤ ወጡ። ይመር ከመቀመጡ በፊት የሚስቱን ሁለት እጆች ያዘ።

«አንድ ነገር ማይልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቢሞት አትነግሪኝም። ማንም ይሁን። ወንድሜም ቢሆን፣ የራስሽ እናትም ብትሆን። እኔ እዚህ ስቀመጥ የማውቀው ሰው ሁሉ በሕይወት አለ፤ እንደዚያው ይቆይ። የወገኔን ሬሳ አልሸጥላቸውም፣ ዘሃራ። ከእንግዲህ አንድም ሬሳ አልሸጥላቸውም።»

«እኔን ማን ያጽናናኛል ታዲያ?» አለች ዘሃራ።

እጆቿን አለቀቀም። 

«ወላሂ አልነግርህም» አለችው።

ተቀመጠ። ያን ምሽት ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከታች፣ ቅልጥሙ አጠገብ ግድግዳው ተመታ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቆይቶ። ይመር እግሩን ወደ ኋላ ስቦ በተረከዙ መለሰ። ከማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ እብድ የመሰለ የተረከዝ ድብደባ ግድግዳውን አናወጠው። አስናቀ እየሳቀ እንደሆነ ድምፁን ሳይሰማ አወቀ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ድምፅ አያሳልፍም፤ ስልክም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በጨዋታ ሰዓት ተከልክሏል። ለሁለቱ የቀረችላቸው ያቺ የምሽት ሰላምታ ብቻ ናት።

ሕይወት እንዲህ ሆነ። ዘሃራ ታጎርሰዋለች። መንደሩ ይሠራል፤ ይነድዳል። ዴስክቶፑ እንደተባለው ፈጣን ነው፤ እሳቱ ሳር ቤቱን ሲይዝ እያንዳንዱ ጭራሮ ይታያል። ኮከቦቹ ግን ጥቂት ሆኑ። ይመር ይከፋዋል፤ እንደ ደንቡ ነው የሚከፋው፤ ከዚያ አያልፍም። ቢሮው ተሰላቸበት። እሱ ደግሞ በዚህ ደስ አለው፤ ልቡን ደብቆ እንዳስቀመጠ ያህል ተሰማው። አንዳንዴ ዘሃራ ዓይኗ አብጦ ትመጣለች፤ አይጠይቃትም። ጥቁር ለብሳም አታውቅም፤ የምትለብሰውም ካለ በሩ ላይ ቀይራ ነው የምትገባው።

ዓመት ሳይሞላው የአስናቀ ተረከዝ ደከመች። ምቱ ለስለስ፣ ዘግየት እያለ መጣ።

«አስናቀ ምን ሆኗል?» አለ ይመር።

ዘሃራ እንጀራውን እየጠቀለለች ነበር። «እግሩ አብጧል አሉ። መቀመጥ ነዋ። ትንሽ አሞት ነው።»

ቃሉን ሰማው። ሰውነቱ ሁሉ ሰማው። ግን ማንም እንዲሞት ስላልፈቀደ ነገሩን ወደ ጎን ገፍቶ አጥሩን ማጠሩን ቀጠለ።

አንድ ምሽት ሰላምታው ቀረ። ይመር ራሱ መታ፤ መልስ የለም። በነጋታውም ምሽት ቀረ። ከደጅ በኩል እሪታ ይሰማ እንደሆነ ጆሮውን ጣለ፤ ምንም የለም፤ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል። እሪታ ከሌለ ሞት የለም ብሎ ራሱን አጽናና።

በሦስተኛው ምሽት ግድግዳው ተንኳኳ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቆይቶ።

ይመር በደስታ ብቻውን ሳቀ። በተረከዙ መለሰ፤ ደግሞ መለሰ። ደንበኛው እየመጣ ነበር፤ አጥሩን ለማጠናከር እጆቹ ሲሮጡ አንድ ነገር ከነከነው። ድምፁ ከቅልጥሙ አጠገብ አልመጣም። ከላይ ነው የመጣው፤ ከጆሮው ትይዩ። እግሩ ታሞ በእጁ ይሆናል አለ። አስናቀ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ግድግዳ ሲያንኳኳ ሊታሰብ ባይችልም፣ ይሆናል አለ።

በሩ ተከፈተ። ዘሃራ የእራቱን ሰሃን ይዛ ገባች፤ ትንፋሽ አጥሯታል። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ቆርሳ ጠቀለለች፤ እጇን ወደ አፉ ዘረጋች።

የጣቶቿ አንጓ ነጭ ነበር። ኖራ ነው። በላስቲክ የተሸፈነው የነሱ ግድግዳ ኖራ አይለቅም።

በዚያች ቅጽበት ማንም ሳይነግረው ሁሉም ገባው። እሪታው ያልተሰማው ትርንጎ ለቅሶዋን ይዛ ከሰፈር ስለወጣች ነው። ቁልፉን ለዘሃራ ሰጥታታለች። ዘሃራ ደግሞ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ማንም ከሌለበት ወንበር አጠገብ ቆማ፣ የሞተ ሰው ሰላምታ በእጇ አንኳኩታ፣ የሱን መልስ ሰምታ፣ እራቱ እንዳይቀዘቅዝ ሮጣ መጥታለች። አስናቀ ሞቷል። ለሰፈሩ የሚያስፈልገው ቀባሪ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጦ ሳለ ሞቶ ተቀብሯል።

ልቡን ሊይዘው ታገለ። ጥርሱን ነከሰ፤ ስለ እጅጌ አሰበ፤ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ስለሚከመርበት ስለዚያ አዳራሽ አሰበ። ልብ አይታዘዝም። መዥገሯ ጆሮው ላይ ሞቀች። መንደሩ በአራቱም ማዕዘን ተያያዘ፤ ሰፊው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ጭራሮ ታየ። ከዚያ ኮከቦቹ መጡ፤ ልክ እንደ ውጫሌው ቀን፣ ከጥግ እስከ ጥግ።

ዘሃራ ለኮከቦቹ ጀርባዋን ሰጥታ ስለተቀመጠች አላየችም። እጇ እንደተዘረጋ ነው።

«ብላ እንጂ» አለችው። «አሁን ሲያንኳኳ ሰማኸው? ተሻለው መሰለኝ።»

ይመር አፉን ከፍቶ ጎረሰ። ከእንጀራው ጋር ትንሽ ኖራ ምላሱ ላይ ተሰማው። ዋጠው።

በሳምንቱ ናርዶስ በስክሪኑ ጥግ ብቅ አለች፤ ደስታዋን መደበቅ አቅቷታል። በየምሽቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ልብዎ ተአምር ይሠራል አለችው። ደንበኞች ለዚያች ሰዓት ወረፋ ይዘዋል። «ምን እንደሆነ አልጠይቅዎትም፤ ብቻ እባክዎን አይቀይሩት። የአቶ አስናቀ ቤትም ለጊዜው ለሌላ አይሰጥም፤ ግድግዳውን እንዳንነካ ታዘናል።»  ያውቃሉ ማለት ነው።

ዘሃራን አቁሚ ሊላት ይችል ነበር። ግን እንዲያ ለማለት አስናቀ መሞቱን ማወቁን መናገር አለበት፤ ያኔ መርዶው በሁለቱ መካከል በይፋ ይነገራል፤ እሱም ከነመዥገሩ ነው የሚሰማው። ደግሞም በየምሽቱ እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ እየገባች ስለሱ ስትል የምታደርገው ያ ነገር በዚህ ዓለም ላይ የቀረችለት ብቸኛ ደግነት ናት። ያንን የሚከለክልበት አንጀት አጣ።

ጀምበር አዘቀዘቀች። ግድግዳው ከጆሮው ትይዩ ተንኳኳ፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቆይቶ። ይመር እግሩን ወደ ኋላ ሳበና በተረከዙ መለሰ። ዘሃራ ገባች። እጇን ታጥባለች ዛሬ፤ ጥፍሯ ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ቀርቷል።

«አስናቀ እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው» አለች እየጠቀለለች። «ሰላም ብሎሃል።»

«አንቺም ሰላም በይልኝ» አለና አፉን ከፈተ። መንደሩ መንደድ ጀመረ።